ምስክር ያጣች ፀሐይ

የስካርቨይ ምሽግ ከሰሜን ዋልታ ወዲህ ካሉት ምሽጎች ሁሉ የሚያስፈራው ነው። ይህን የምለው እኔ ስለማስጎበኘው አይደለም። ግንቡ አምስት ሜትር ይወፍራል፣ መድፎቹ አርባ ናቸው፣ በሩ ሲዘጋ ሩሲያ ድረስ ይሰማል። የሚስቴን ወንድም ሮአርን ብትጠይቁት ግን ግንቡ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ መድፎቹ ስምንት ናቸው፣ ከስምንቱ የሚሠራው አንዱ ነው፣ በሩም ማጠፊያው ከዛገ ስለቆየ ጭራሽ አይዘጋም ይላችኋል። ሮአር የደሴቲቱ ዓሣ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ነገር ሲመዝን ስለኖረ አይፈረድበትም።

እኔ ኦድቫር በዚህ ምሽግ ሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ በእግር አስጎብኝቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ምሽጉን ስድስት ጊዜ በጠላት አስከብቤዋለሁ፣ አራት ጊዜ በረሃብ ቀጥቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜማ ጨርሼ ላስማርከው ስል የእንግዶቹ መርከብ ጡሩንባዋን ነፋችና ለጥቂት ተረፈ። መጻሕፍቱ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ከዚህ ግንብ በጠላት ላይ አንድም ጥይት አልተተኮሰም ይላሉ። እውነት ነው፤ ጠላት አልመጣም። ለምን አልመጣም ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ፈርቶ ነዋ።

የእኔ መከራ ከጠላት ሳይሆን ከአገሬ ሰው ነው። በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ደሴት ላይ የተወለደ ሰው ነገር ማሳነስን ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። ጎረቤቴን ኢንገብሪክትን ውሰዱ። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ክረምት የጀልባው ሞተር ጠፍቶበት ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በማዕበል ላይ ሲንከራተት ከርሞ፣ ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ ከተወው በኋላ በረዶ ተሸክሞ ገባ። ጋዜጠኛ መጥቶ እንዴት ነበር ቢለው ትንሽ አሰበና «ረጠብ ያለ ነበር» አለ። ባለሱቋ አስላውግ ደግሞ ልጇ የልብ ቀዶ ሐኪም ሆና በቴሌቪዥን ስትታይ ጊዜ ሰው ሱቋ ድረስ እንኳን ደስ አለሽ ሊል ቢመጣ፣ ልጅቷ ትምህርት ላይ እንደነበረችና አሁን እንደጨረሰች ብቻ ነግራ ድንች መመዘኗን ቀጠለች።

እኔ እነሱ መካከል እንዴት እንደበቀልኩ እናቴም አልገባትም። እሷ ራሷ ስለ መወለዴ ስትጠየቅ፣ አዎ፣ የሆነ ነገር ተወልዷል ብላ ነው አሉ የመለሰችው።

እንግዲህ የዚህች ደሴት ትልቁ ነገር ፀሐይ ናት። በኅዳር አጋማሽ ትጠልቅና ሁለት ወር ሙሉ ብቅ አትልም። በጥር ስትመለስ፣ ሙሉ ክቧ ከባሕሩ ተላቃ ከግንቡ ላይ የታየች ዕለት፣ ከምሽጉ ግቢ አንድ መድፍ ይተኮሳል። መድፉ ሲጮህ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ አስላውግም መካከሉ ማርማላታ ያለበት ክብ ዳቦ ታወጣለች፣ ሰውም እርስ በርሱ «እህ፣ መጣች» ይባባልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ያቺ «እህ» እኛ ጋ ጭፈራ ማለት ናት።

ችግሩ መድፉ ያለው ከግንቡ ሥር ጎድጓዳው ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ሆኖ ባሕር አይታይም፣ መድፉን የምትተኩሰው የምሽጉ አዛዥ ደግሞ ከመድፉ መራቅ አትችልም። ስለዚህ ጥንት ደንብ ወጣ፦ ከነዋሪው ሁለት ሰው ከግንቡ ወርዶ በአዛዡ ፊት፣ በገዛ አፉ፣ ዛሬ ሙሉዋን አይቻታለሁ ማለት አለበት። እንግዳ ሰው አይቆጠርም። አንድ የደቡብ ሰው አዛዥ በድሮ ጊዜ ጨረቃን አይቶ ተኩሶ ነበር ይባላል። የሚባለው በእኔ ነው፤ ግን ይባላል።

ታዲያ እስቲ አስቡት፦ አይቻለሁ ማለት በሚያሳፍርበት አገር አይቻለሁ የሚል ሰው የሚጠይቅ ደንብ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ኤድቪን የሚባል ሰው ከሁሉ ቀድሞ ከግንቡ ሮጦ ወረደና «እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየኋት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፀሐይን ያገኛት ሰውዬ» ተባለ። መርከብ ላይ እንዲህ ተባለ፣ ሐኪም ቤት እንዲህ ተባለ፣ በቀብሩ ላይ ቄሱ እንኳ ሊስቁ ሲሉ ሳል አስመስለው አመለጡ። ልጆቹ እስከ ዛሬ «የፀሐይ ልጆች» ናቸው። ከኤድቪን ወዲህ በየዓመቱ ምስክር የሚወርደው ተጎትቶ ነው፤ ሰዉ ግንቡ ላይ ቆሞ አንዱ ሌላውን በክርኑ ሲነካ፣ በመጨረሻ ሁለት ሰዎች መሬት መሬት እያዩ ይወርዳሉ፣ የሆነች ነገር ያየን ይመስለናል ብለው ያጉረመርማሉ፣ ይተኮሳል።

አምና በዚህ ወር ቱሩን ደወለችልኝ። ቱሩን በባሕር ዳርቻው እየዞረች ወደብ ወደብ የምትነካው መርከብ የጉብኝት ኃላፊ ናት። መርከቧ እኛ ጋ የምትቆመው አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት ነው ምሽጉን በእግር የማዞራቸው። የጉብኝቱን ስም «የፀሐይ መድፍ ጉዞ» ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቱሩን በለሰለሰ ድምፅ ያለችው ይህን ነበር፦ በዚህ ስም ሁለት ጥር እንግዳ አምጥታለች፣ በሁለቱም ጥር እንግዳዎቹ ፀሐይም መድፍም ሳያዩ ተመልሰዋል። በዚህ ሳምንት ራሷ ትመጣለች። መድፍ ከተተኮሰ ይተኮሳል። ካልተተኮሰ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እንግዳዎቹ ወደ ምሽጉ አይወጡም፣ በጀልባ ሄደው ትልልቅ ሸርጣን ሲወጣ ያያሉ። ሸርጣን ቢያንስ ደመና አያግደውም አለችኝ።

በሸርጣን ተተካሁ ማለት ነው። ክረምቱን በሙሉ የምተዳደርበት ያ ጉብኝት ነው፤ እሱ ከቀረ ያለው አማራጭ የሮአር ፋብሪካ ነው። ሮአር ወሬውን ከእኔ በፊት ሰምቶ፣ አንድ ጥንድ የጎማ ቦት ገዝቶ በፋብሪካው በር ላይ አቁሞት አየሁ። በነጭ ፕላስተር «ኦድቫር» ብሎ ጽፎበታል። የዓሣ ራስ እንዲደርቅ በመርፌ ገመድ ላይ የሚሰካበት ወንበርም ተዘጋጅቷል። ከኋላዬ ቆሞ እያየኝ ሊውል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጋነንኩትን እያንዳንዷን ነገር በአንድ ክረምት ሊያስመልሰኝ ነው።

መርከቧ የመጣችበት ቀን ደመና ከወረደ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ሰማዩ የዓሣ ሆድ መስሏል። ሠላሳ አንድ እንግዳ፣ አብዛኛው ጀርመን፣ ጫማቸው ሥር የበረዶ ጥርስ አስረው ወረዱ። ከኋላቸው ቱሩን፣ ሰዓቷን ከጓንቷ በላይ አስራ።

ጀመርኩ። በሩ ላይ ቆሜ የግንቡን ውፍረት ስነግራቸው አራት ሜትር አልኩ፤ ጠዋት ስለነበር ትሕትና ተሰምቶኝ ነው። ሁለተኛው ቦታ ስንደርስ አምስት ሆነ። አንዲት ጡረታ የወጣች ጀርመናዊት መምህርት ነበረች፤ የተናገርኩትን ቁጥር ሁሉ በትንሽ ደብተር ትጽፋለች። እጇን አወጣችና ከበሩ እስከዚህ አንድ ሜትር እንዴት እንደጨመረ በትሕትና ጠየቀችኝ። ግንቡ ብርድ ሲመታው ያብጣል አልኳት። ጻፈችው።

እስር ቤቱ ጉድጓድ ጋ አሥራ ሰባት ዓመት በዓሣ አጥንት ስለቆፈረው እስረኛ ነገርኳቸው። ወጥቶ ወጥቶ የደረሰው የአዛዡ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሾርባ ሰጥተው መለሱት። ሁለት ሰዎች አለቀሱ። ቱሩን ሰዓቷን አየች።

ግንቡ ላይ ስንወጣ የአገሬ ሰው እንደ ልማዱ ተሰብስቧል። ኢንገብሪክት ትልቅ የጠጉር ባርኔጣውን አድርጎ ጫፉ ላይ ቆሟል። አስላውግ ሱቋን ዘግታ፣ መጣሁ የሚል ወረቀት ለጥፋ፣ ፔርሙዝ ይዛ ከኋላው ቆማለች። ሮአርም አለ። በክንዱ ሥር ያን ቦት ይዟል። ለምን አመጣኸው ስለው፣ መንገዴ ላይ ስለሆነ አለ። ፋብሪካው በደሴቲቱ በወዲያኛው ጫፍ ነው።

ከሥር፣ ግቢው ውስጥ፣ አዛዧ ራግንፍሪድ ከመድፉ አጠገብ ቆማ መዝገቧን ታቅፋለች። እኛ ጋ «እርስዎ» የሚባል ሰው የለም፤ ጳጳሱም መጥተው አንተ ተብለው ሄደዋል። ስለዚህ ከላይ ሆኜ ራግንፍሪድ፣ ዛሬ ትተኩሻለሽ አልኳት። ሁለት ሰው አምጣልኝ አለችኝ። ይህች ሴት በሁለት ዓመት ውስጥ ሳቋን አላየሁም፤ ለመንግሥት አስቀምጣዋለች መሰለኝ።

አሁን ጥፋቴን እናገራለሁ። ጥፋት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ጥበብ ይለው ነበር። ደመናው አልነቃነቅ ሲል እንግዳዎቹን ላዘናጋ ብዬ ወደ ሰሜን አዞርኳቸው። ከታች ያለችውን የባሕር ወሽመጥ አሳይቻቸው፣ በዚያች ወሽመጥ መቶ ሃያ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ገብቶ አንድም እንዳልወጣ ማውራት ጀመርኩ። ወሽመጧ ሦስት የዓሣ ጀልባ ገብቶባት አራተኛው መዞሪያ ያጣል። እነሱ ግን አመኑኝ። ሠላሳ አንዱም ጀርባቸውን ለደቡብ ሰጥተው አፋቸውን ከፍተው ወደ ወሽመጡ አዩ፤ ቱሩንም አብራ አየች። መምህርቷ መቶ ሃያ ብላ ጻፈች።

እኔ ፊቴ ወደ እነሱ፣ ማለት ወደ ደቡብ ነበር። ዘጠናኛው መርከብ ላይ ስደርስ፣ ከትከሻቸው በላይ፣ ደመናው ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀጭን ስንጥቅ ተከፈተች። በስንጥቁ ውስጥ ወጣች።

ትንሽ ናት። ቀይ ናት፣ የሳልመን ዓሣ እንቁላል ታክላለች። ታችኛው ጠርዟ ከውኃው የቢላዋ ስለት ያህል ተላቆ ቆመች። ሙሉ። እኔ ኦድቫር፣ ያላየሁትን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስተርክ የኖርኩ ሰው፣ አፌ ተዘጋ። የምጨምርባት ነገር አልነበረም። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከዚያ ደመናው ተመልሶ ገጠመ።

እንግዳዎቹ ዝም ስል ጊዜ መርከቦቹ የሰመጡ መስሏቸው እነሱም ዝም አሉ። አክብሮት ነው።

ወደ አገሬ ሰው ዞርኩ። ኢንገብሪክት ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። አስላውግ ፊቷ ወደ ደቡብ ነው። ሮአር ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያብሳል። ሁሉም አይተዋታል። ሁሉም ደግሞ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ አርባ ሰባት ደረጃ ነው፣ ሁለቱን ብቻ የረገጥኩ ይመስለኛል። ራግንፍሪድን፣ አይቻታለሁ፣ ሙሉዋን አልኳት። እንግዳውም ነዋሪውም ተከትሎኝ ወረደ። ራግንፍሪድ አየችኝ፣ መዝገቧን አየች፣ እንደገና አየችኝ።

«አንተ ባለፈው ሳምንት ዓሣ ነባሪ ከመብራት ማማው በላይ ሲዘል አየሁ ብለሃል» አለች።

«እሱ ሌላ ነው። ይሄ እውነት ነው።»

«ሁለት ሰው ስጠኝ ኦድቫር። አንተን አልጨምርም።»

ወደ ነዋሪዎቹ ዞረች። አይታችኋል ወይ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ኢንገብሪክት፣ እኔ ምን ዓይን አለኝ፣ ወጣቶች ሳሉ እኔን መጠየቅ ምን ያደርጋል አለ። ወጣት ያለው ሮአርን ነው፤ ሮአር ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። አስላውግ፣ የሆነ ብርሃን ነገር ሳይኖር አልቀረም፣ ግን ከእኔ የተሻለ ቦታ የቆመ ሰው ነበር ብላ ወደ ኢንገብሪክት አመለከተች። ሮአር ደግሞ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር አለ። ሦስቱም ኤድቪንን እያሰቡ እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ሮአር ግን ከኤድቪን ሌላ ቦቱንም ያስባል፤ በክንዱ ሥር ጠበቅ አደረገው።

መርከቧ የመጀመሪያውን ጡሩንባ ነፋች። ሃያ ደቂቃ ቀረ ማለት ነው። ቱሩን ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ አይዞህ፣ ሸርጣኑም ቢሆን አስጎብኚ ያስፈልገው ይሆናል አለችኝ። ማጽናናቷ ነው።

እውነቱን ደገምኩላቸው። ለመንኳቸው። ትንሽ ነበረች፣ ቀይ ነበረች፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ ብላ ነበር አልኩ። ማንም ምንም አላለም። ኢንገብሪክት እንዲያውም በስምምነት ራሱን ነቀነቀ፤ ትክክል የሆነ ነገር ላይ ምን ይናገራል? በዚህች ደሴት ልክ የሆነ ነገር መልስ አይሻም።

ያኔ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች አየን አይሉም፤ ቢሞቱ አይሉም። ግን አንድ ሰው ሲያጋንን ዝም ብለው አያውቁም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሲያርሙኝ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ፣ ሞኝ፣ እውነት እነግራቸዋለሁ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ወደ እንግዳዎቹ ዞርኩ። ክቡራን እንግዶች አልኩ፣ ያመለጣችሁ ነገር እንዲህ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መብራት ማማው ትደርስ ነበር። ወርቅ ናት። ወጥታም ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆመች። ሙቀቷ የጺሜን በረዶ አቅልጦ አንገቴ ላይ ፈሰሰ፤ እንዲያውም ጆሮዬ ተቃጥሏል፣ ይኸው።

መምህርቷ መጻፍ ጀመረች። ከኋላዬ የአስላውግ ፔርሙዝ ክዳን ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ሩብ ሰዓት እንኳ አልሆነም» አለች አስላውግ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሃያ ደቂቃ ነዋ» አልኩ ሳልዞር።

«ኧረ አንድ ደቂቃም አልሞላም። ቡና ቀድቼ ክዳኑን ሳልገጥም ገባች።»

ራግንፍሪድ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አነሳች። ሙሉዋን አይተሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። አስላውግ ቀይ ሆነች፣ ከዚያ ሐቀኛ ሴት ናትና፣ ታችኛውን አላየሁም፣ የኢንገብሪክት ባርኔጣ ከለለኝ አለች። ራግንፍሪድ እርሳሷን መለሰች። ግማሽ ፀሐይ አይቆጠርም።

ወደ ባርኔጣው ባለቤት ዞርኩ። ኢንገብሪክት ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። የተንኮሌ ነገር ገብቶታል፤ ዓይኑ ይነግረኛል። መጠኗን ባበዛ አይነቃነቅም፣ ጊዜዋን ባስረዝም አይነቃነቅም። በሰባ ዓመት የባሕር ኑሮው ግን አንድ ነገር አይችልም፦ የቦታ ምልክት ሲሳሳት መስማት። እሱ ባሕር ላይ ሆኖ ቦታውን የሚያውቀው አለትን ከማማ፣ ማማን ከተራራ አስተካክሎ ነው። ምልክት የሳተ ሰው በእሱ ዘንድ የልጁን ስም የሳተ ሰው ነው።

«የወጣችውም ልክ በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ነው» አልኳቸው እንግዳዎቹን። «መስቀሉ መካከሏ ላይ ገባ።»

ኢንገብሪክት አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ተመለሰ።

«ቤተ ክርስቲያኑ በምሥራቅ ነው» አለ።

«ዛሬ ዞራ መጥታ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ አትዞርም። በደቡቡ ጥቁር አለት ላይ ነው የወጣችው፣ ከምልክቱ ምሰሶ አንድ እጅ በግራ። በዚህ ቀን ሰማንያ ዓመት እዚያ ነው የምትወጣው። ሥሯም ከውኃው ተላቆ ነበር፣ የቢላዋ ስለት ያህል። ምን መስቀል ነው የምትለው?»

ራግንፍሪድ መጻፍ ጀምራለች።

«ሥሯ ተላቆ ነበር አልክ?» አለችው።

«እሱን ማረሜ ነው።»

«አይተሃታል ማለት ነው?»

ኢንገብሪክት ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበ። «አላየሁም ለማለት ይከብደኛል» አለ።

ራግንፍሪድ አንድ ብላ ጻፈች።

መርከቧ ሁለተኛውን ጡሩንባ ነፋች፤ አሥር ደቂቃ። እንግዳዎቹ ከመድፍ ይልቅ እኛን እያዩ ነው፤ አንዱ ጀርመን ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ መብላት ጀምሯል፣ ትያትር ቤት እንዳለ ሰው።

የቀረኝ ሮአር ነው። ሮአር ደግሞ ሞኝ አይደለም። ሁለቱ እንዴት እንደወደቁ አይቷልና ከንፈሩን በጥርሱ ይዞ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ። ፀሐይዋ የአውሎ ነፋስ ድምፅ ነበራት አልኩ፤ ዝም። ከእሷ ጀርባ ሌላ ትንሽ ፀሐይ ተከትላት ነበር አልኩ፤ አስላውግ አቃሰተች፣ እሱ ዝም። የፋብሪካው ዓሣ ሁሉ በሙቀቷ በስሎ ይሆናል አልኩ፤ ትንሽ ተነቃነቀ፣ ግን ዝም። ቦቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ከዚያ ዓይኑን ሲያብስ እንዳየሁት ትዝ አለኝ።

«ከሁሉ የገረመኝ ግን» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የሚስቴ ወንድም ሮአር ነው። ይህ የምታዩት ጠንካራ ሰው ፀሐይዋን ሲያያት አለቀሰ። እንደ ሕፃን ነው የተንሰቀሰቀው። እማዬ ያለም ይመስለኛል።»

ሠላሳ አንድ እንግዳ ሮአርን በርኅራኄ አየው። መምህርቷ እጇን ክንዱ ላይ አደረገችለት።

«አላለቀስኩም» አለ ሮአር።

ምንም ነውር የለውም አልኩት። ሰው ነህ።

«አላለቀስኩም እኮ ነው የምልህ! ብርሃኗ ዓይኔን ወግቶኝ ነው።»

«የማን ብርሃን?» አለች ራግንፍሪድ።

ሮአር ወደ ቦቱ አየ፣ ወደ ሰማዩ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ሲያለቅስ የታየ ሰው ሆኖ በዚህች ደሴት ከመኖርና ፀሐይ ያየ ሰው ሆኖ ከመኖር የትኛው እንደሚሻል ሲመዝን ይታያል፤ በሚዛን ያደገ ሰው ነውና ትክክል መዘነ።

«የፀሐይዋ» አለ። «ሙሉ ነበረች። ትንሽ ናት፤ እሱ እንደሚለው አይደለም። ግን ሙሉ ነበረች፣ ደረቅ ዓይኔን ነው የወጋችኝ፣ ደረቅ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈችው። ደረቅ ብላ። ከዚያ መዝገቧን ዘጋች፣ ጆሮአችንን እንድንይዝ በእጇ አሳየችን፣ ገመዱን ሳበች።

የመድፉን ድምፅ ልንገራችሁ ብል አታምኑኝም። ከማዶ ያለው ትምህርት ቤት በር ተከፍቶ ልጆቹ ሲጮሁ እስከ ግቢው ተሰማ፤ የጀርመኑ ዳቦ ከእጁ ወደቀ። ኢንገብሪክት «እህ፣ መጣች» አለ። አስላውግ «እህ» አለች። ያን ያህል ሲጨፍሩ አይቻቸው አላውቅም።

ቱሩን ወደ መርከቧ እየሮጠች በመሐል ቆመችና ነገረችኝ። ጉብኝቱ ይቀጥላል። እንግዳዎቹ በመርከቡ ላይ በሚሞሉት ወረቀት ግን አብዛኛው ከሁሉ የወደደው የነዋሪዎቹን ክርክር እንደሆነ በኋላ ደውላ አሳወቀችኝ፤ ለሚቀጥለው ጥር ያንኑ ክርክር በትክክለኛው ሰዓት ማሰናዳት ይቻል እንደሆነም ጠየቀችኝ። ይቻላል አልኳት። ለእኔ ምን የማይቻል አለ? ኢንገብሪክትና ሮአር ግን እስካሁን አልተነገራቸውም።

በማግስቱ መዝገቡን ልይ ብዬ ሄድኩ። ራግንፍሪድ ሳትወድ ገልጣ አሳየችኝ። ምስክር አንድ፣ ኢንገብሪክት፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ጡረታ ላይ። ምስክር ሁለት፣ ሮአር፣ የፋብሪካ ባለቤት፣ ዓይኑ ደረቅ። ከሥሩ በትንሽ ጽሑፍ፦ የአስጎብኚው ቃል ከመጠን በላይ በመሆኑ አልተመዘገበም። ያቺን ፀሐይ ያወጣኋት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ በመንግሥት መዝገብ ግን አላየኋትም።

ቦቱን ሮአር መልሶ አልወሰደውም። ምሽጉ በር ላይ፣ ፕላስተሩ እንደተለጠፈበት፣ ትቶት ሄደ። አርባ አራት ቁጥር ነው፣ ለሌላ ሰው አይሆንም አለ። እኔ አርባ ስድስት ነው የምጫማው አልኩት። አርባ አራት ነህ አለኝ። አሁን በበሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ከሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የመጀመሪያዋን የፀሐይ መድፍ የተኮሰው ተኳሽ ቦት ነው። ፕላስተሩ ላይ ያለውን ስም ያዩ፣ ስሙ ከአንተ ጋር አንድ ነው ወይ ይሉኛል። ዘሩ ነኝ እላለሁ። ጎማ አይደለም ወይ ያሉኝም አሉ። ሰውዬው ዘመኑን ቀድሞ ነበር እላቸዋለሁ።

ኢንገብሪክትን ከዚያ በኋላ ያገኘሁት አንድ ጠዋት ወደቡ ላይ መረብ ሲጠግን ነው። አጠገቡ ቆምኩ። አንድ ቀዳዳ ሰፍቶ ጨረሰ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ መጀመሪያ ጊዜ የተናገርከው፣ ያ ትንሽ ነበረች ያልከው፣ ያን ያህል መጥፎ አልነበረም አለኝ።

ይህ ከኢንገብሪክት አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዴት እነግረዋለሁ? ግንቡ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ ያን ጠዋት ግን አሥር ሆነብኝ።